ዳሌዬ ውስጥ ያለው ቅብ፦ የአንድ ቀለም ቀቢ ግምገማ

ሥራዬ መኪና መቀባት ነው። የጀመርኩት በ14 ዓመቴ ቄራ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ለባለሙያው ብርጭቆ ወረቀት እያቀበልኩ። አሁን ፍራንክፈርት አጠገብ መኪና ስቀባ 22 ዓመት ሞላኝ። ከቅብ ጋር ነው ያረጀሁት ማለት እችላለሁ።

ዛሬ የምገመግመው ቅብ ግን መኪና ላይ ያለ አይደለም። ግራ ዳሌዬ ውስጥ ነው ያለው። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገብቶልኛል፤ ብረቱ ላይ ደግሞ ሁለት ድርብ ቅብ ነበረው። የታችኛው አጥንት የሚመስል ማዕድን ነው። የላይኛው ባክቴሪያ የሚከላከል ጄል ነው። ለማዕድኑ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ለጄሉ 5። ምክንያቱን ለመናገር ግን ከመጀመሪያው ብረት መነሳት አለብኝ። ያኛው ማዕድኑ ብቻ ነበር ያለው።

ዳሌዬ ያለቀው ቀስ በቀስ ነው። የመኪና የታችኛውን ጠርዝ ለመቀባት መንበርከክ አለ። ተንበርክኬ መነሳት ሲያቅተኝ፣ ሌሊት ሲያስለቅሰኝ፣ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። 56 ዓመቴ ነበር። ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "አጥንትዎ ገና ጠንካራ ነው፤ ያለ ሲሚንቶ የሚገባውን እናድርግልዎት" አለኝ። ሲሚንቶ የሚሉት ብረቱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ የሚይዘውን ነገር ነው። ያለ ሲሚንቶ የሚገባውን ግን የሚይዘው አጥንት ራሱ ነው። የታይታኒየም ግንድ የጭን አጥንት ውስጥ በመዶሻ ይገባል። ከዚያ አጥንቱ በሳምንታት ውስጥ እያደገ መጥቶ ያቅፈዋል።

እንዲያቅፈው የሚጋብዘው ታዲያ ያ የታችኛው ቅብ ነው። ሃይድሮክሲአፓታይት ይባላል። ካልሲየምና ፎስፌት ነው፤ አጥንታችንን የሚያጠነክረው ማዕድን የቅርብ ዘመድ። የጥርሳችን የላይኛው ነጭ ሽፋንም ከሞላ ጎደል ከዚሁ የተሠራ ነው። አጥንት ይህን ሲነካ ባዕድ ነገር የነካ አይመስለውም።

እንዴት እንደሚቀባ ስሰማ ደስ አለኝ። በስፕሬይ ነው! ዱቄቱን ከ10,000 ዲግሪ በላይ በጋለ ነበልባል ውስጥ አሳልፈው፣ ግማሽ ቀልጦ እያለ ታይታኒየሙ ላይ ይረጩታል። ብረቱን አስቀድመው ያሻክሩታል፤ እኛ ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት እንደምናሻክረው። ኮራይል የሚባለው የፈረንሳዮች ግንድ ላይ ውፍረቱ 155 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። እኔ ኪሴ ውስጥ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዤ ነው የምውለው። የአንድ መኪና ቀለም ከመጀመሪያው ድርብ እስከ ላይኛው ክሊር ድረስ ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ዳሌዬ ውስጥ ያለው ቅብና በየቀኑ የምለካው ቅብ እኩያ ናቸው ማለት ነው።

አዲስ ሙከራም አይደለም። ሮናልድ ፈርሎንግ የሚባል ሐኪም በዚህ ማዕድን የተቀባ ዳሌ ለንደን ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ኮራይልም በዓመቱ፣ በ1986 ተከተለ። ይሠራል። በዚህ ጥርጥር የለኝም።

እኔ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ። ቀዶ ጥገናው በተደረገ በ5ኛው ሳምንት ስፌቱ አጠገብ ትንሽ እርጥበት አየሁ። መጀመሪያ ላብ መሰለኝ። በማግስቱ ሱሪዬ ላይ ወጣ። ትኩሳት እንኳ ብዙ አልነበረኝም። ደሜ ሲመረመር ሲ.አር.ፒ. የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳየው ቁጥር 90 አልፎ ነበር፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ5 በታች ነው። ከፍተው አጠቡልኝ። ለ3 ሳምንት ደህና መሰለ። ከዚያ ተመልሶ መጣ። በመጨረሻ "ብረቱ መውጣት አለበት" አሉኝ። ያን ቀን ባለቤቴ ፊት ላለማልቀስ መስኮት መስኮት ሳይ ቆየሁ።

የተገኘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ነበር። የማንም ሰው ቆዳ ላይ ያለ፣ ቆዳ ላይ ሲኖር ምንም የማያደርግ ባክቴሪያ ነው። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ያጠፉትን አላየሁም። እኔም ስኳር አለብኝ፤ ያኔ ስኳሬ በደንብ አልተያዘም ነበር። ስኳር ደግሞ የኢንፌክሽንን ዕድል ይጨምራል። ስኳር ያለባችሁ ሰዎች፣ ከቀዶ ጥገና በፊት ስኳራችሁን አስተካክሉ። በጣም ነው የምለምናችሁ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመቀደዴ በፊት አንቲባዮቲክ በደም ሥሬ ተሰጥቶኛል። ለምን አልገደለውም? ይህን ጥያቄ ለአንዲት ወጣት ሐኪም አቀረብኩላት። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ብረት ደም ሥር የለውም። መድኃኒቱ በደም ተሸክሞ ሥጋው ድረስ ይመጣል፤ ብረቱ ገጽ ላይ ግን በሚገባ አይደርስም። ባክቴሪያ ብቻውን ሲንሳፈፍ መድኃኒት በቀላሉ ይገድለዋል። ብረት ላይ ካረፈ ግን ጠባዩ ይለወጣል። ይጣበቃል፤ ይራባል፤ ከራሱ በሚያወጣው ሙጫ ራሱን ይሸፍናል። ባዮፊልም ይሉታል። አገር ቤት የውሃ ጀሪካን ሲቆይ ውስጡ የሚያሟልጭ ነገር ያወጣ የለ? እሱ ነው። ብታለቀልቁት አይለቅም። ተፈግፍጎ ነው የሚወጣው። ዳሌ ውስጥ የገባን ብረት ደግሞ ማን ይፈገፍገዋል?

አንቶኒ ግሪስቲና የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ይህን ነገር እሽቅድምድም ብሎ ገልጾታል። ብረቱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ገጹ ባዶ ነው። በአንድ በኩል የእኛ ሴሎች ይሮጣሉ። በሌላ በኩል ባክቴሪያ ይሮጣል። ቀድሞ የደረሰ ቦታውን ይይዛል። ይህ ለእኔ ወዲያው ገባኝ። የተዘጋጀ ላሜራ ላይ ሰው ጣቱን ካሳረፈ፣ ቅባቱ ቀለሙን ቀድሞታል። ከዚያ በኋላ ምን የመሰለ ቀለም ብትረጩ ያ ቦታ አይዝም።

የማዕድኑ ቅብ ድካምም እዚህ ላይ ነው። ሻካራ ነው። ለአጥንት ሴል የሚመች ነው። ግን አይመርጥም። አጥንትን የሚቀበልበት በር ለባክቴሪያም ክፍት ነው። ዘበኛ የሌለው ጥሩ ቤት ነው። አንድ ኮከብ የቀነስኩበት ሌላው ምክንያት ደግሞ ሲወጣ ያየሁት መከራ ነው። እነዚያ ሁለት ወራት ለአጥንቴ በቂ ነበሩ፤ ይዞት ነበር። ብረቱን ለማላቀቅ የጭን አጥንቴን በመጋዝ ከፍተው ነው ያወጡት። አጥንቱ በሽቦ ታስሮ ነው የዳነው።

ከዚያ 9 ሳምንት ያለ ዳሌ ኖርኩ። በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት የሲሚንቶ ማቆያ ነበር። በክራንች ከመኝታ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መጸዳጃ ቤት። ስለነዚያ ሳምንታት ብዙ መጻፍ አልፈልግም።

ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና ሌላ ሆስፒታል ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁት ሐኪም ጄሉን በፎቶ አሳየኝ። ስሙ ዳክ ነው። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት። ሁለት ነገር ነው ያለበት። አንዱ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፤ በተፈጥሮ መገጣጠሚያችን ውስጥ ያለ፣ ሴቶች ፊታቸውን በሚቀቡት ክሬም ላይም ስሙ የሚጻፍ። ሌላው ፖሊላክታይድ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ ከሚጠፋው የስፌት ክር ጋር ዝምድና አለው። በመርፌ ውስጥ እንደ ዱቄት ሆኖ ይመጣል። ቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ ሐኪሙ ከንጹህ ውሃና ከመረጠው አንቲባዮቲክ ጋር ያዋህደዋል። ለእኔ የመረጡት ቫንኮማይሲንና ጀንታማይሲን ነበር። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁታል። ከዚያ ብረቱ ላይ፣ ማዕድኑ ላይ፣ በእጅ ይቀቡትና ወዲያው ወደ አጥንቱ ያስገቡታል።

እኔም የሙያዬን ጥያቄ ጠየቅሁ። "ዶክተር፣ በመዶሻ ሲመታ አይላጥም?" አልኩት። አልሳቀብኝም። ወረቀት አውጥቶ ሣለልኝ። ቀለም ደርቆ ስለሚቆም ነው የሚላጠው። ጄል ግን አይደርቅም። ሲጨመቅ ይሸሻል፤ ሸሽቶም በግንዱና በአጥንቱ መካከል ያለችውን ክፍተት ይሞላል። ባክቴሪያ የሚደበቀውም እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ ነበረኝ። "ታዲያ አጥንቱን ከማዕድኑ አይለየውም?" የሰጠኝ መልስ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ነው። አንቲባዮቲኩ በ72 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወጥቶ ያልቃል። ጄሉም በቀናት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል። አጥንት ብረቱን ለመያዝ የሚፈጅበት ግን ሳምንታት ነው። ስለዚህ እሽቅድምድሙ በሚጦፍባቸው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጄሉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አጥንቱ ሲደርስ እሱ ሄዷል። ማዕድኑ ምንም ሳይጋርደው ይቀበለዋል።

ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ጥሩ ቅብ ማለት የሚቆይ ቅብ እንደሆነ ነው። 10 ዓመት ፀሐይና ጨው ችሎ የሚኖር። ሥራውን ጨርሶ እንዲሄድ ተብሎ የተሠራ ቅብ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። ልክ ነው። አንቲባዮቲክ በትንሽ በትንሹ ለወራት ቢያንጠባጥብ፣ ባክቴሪያውን ሳይገድል ያለማምደዋል። ከዚያ መድኃኒቱ ለሌላ ጊዜም አይሠራም። በኃይል መጥቶ ቶሎ ማለቅ ይሻላል።

አውሮፓ ውስጥ በተለያዩ ሆስፒታሎች 380 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ለግማሾቹ ጄሉ ተቀብቷል፤ ለግማሾቹ አልተቀባም። አንድ ዓመት ከምናምን ሲከታተሏቸው፣ ካልተቀባላቸው 11 ሰዎች ኢንፌክሽን ያዛቸው። ከተቀባላቸው 1 ሰው። እኔ ያ ከ11ዱ አንዱ መሆን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቁጥሩን ሳነብ ቁጥር ብቻ ሆኖ አልታየኝም።

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና 4 ሰዓት ገደማ ፈጀ። ከዚያ በኋላ 3 ወር ክኒን ዋጥኩ። አንዱ ሪፋምፒሲን ነው። ባዮፊልም ውስጥ ገብቶ ስለሚሠራ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። እኛ አገር የሚታወቀው በቲቢ ነው። ባለቤቴ ፓኬቱን ስታይ ክው አለች፤ "ቲቢም አለብህ እንዴ?" ብላ። ሽንት ብርቱካናማ ያደርጋል፤ እንባና ላብም ሳይቀር። የሚታዘዝላችሁ ካላችሁ አስቀድማችሁ እወቁት፤ አትደንግጡ።

ሲ.አር.ፒ.ዬን በደብተር እጽፍ ነበር። በ6ኛው ሳምንት 11። በ3ኛው ወር 4። በዓመቱ 2። አሁን 2 ዓመት ከ4 ወር ሆኖኛል። እንበረከካለሁ፤ እነሳለሁ። ረጅም ቀን ከሆነ ማታ ጭኔ ይደክማል፤ አጥንቴ የተከፈተበት ቦታ ላይ። ሌላ ምንም የለም። ያዳነኝ ጄሉ ብቻ ነው አልልም። ተጠርጓል፤ ታጥቧል፤ መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ስኳሬንም ይዤዋለሁ። ግን በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ስለ ቅቦቹ ማንበብ አላቆምኩም። ልጄ ጀርመንኛውን እየተረጎመችልኝ ብዙ አየሁ። ከሁሉ የማረከኝ ሞለኪዩልን ማዕድኑ ላይ የማጣበቅ ነገር ነው። ለእናንተም ቅርብ ነው። የጥርስ ሐኪም ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ አዞላችሁ ያውቃል? ከተፋችሁት በኋላም ለሰዓታት ይሠራል። ሞለኪዩሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ጥርስ ላይ ያለው ፎስፌት ኔጌቲቭ ነው። ይሳሳባሉ፤ ይጣበቃሉ። ጥርስና የዳሌው ቅብ ደግሞ አንድ ማዕድን ናቸው። ለአጥንት መሳሳት የሚሰጡት የእነ አሌንድሮኔት ክኒኖችም ካልሲየምን እንደ መንጠቆ ይዘው አጥንት ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። ተመራማሪዎች ያንን መንጠቆ ወስደው፣ ጫፉ ላይ ባክቴሪያ የሚገድል ነገር አስረው፣ ማዕድኑ ላይ ለመትከል ይሠራሉ። ሙጫ አያስፈልግም። የላይኛው ቅብ የታችኛውን ራሱ ያውቀዋል። ቀለም ቀቢ ከዚህ በላይ ምን ይመኛል?

አንዳንዶቹ ከዚያ ሳይነቃነቁ፣ የነካቸውን ባክቴሪያ ሽፋኑን ቀደው የሚገድሉ ናቸው። ችግራቸው ደም ነው። ብረቱ እንደገባ የደም ፕሮቲን ይለብሰዋል፤ ያኔ ዘበኛው በጋቢ ተሸፍኖ ማየት ያቅተዋል። ይህን መፍታት ይቀራቸዋል።

ጃፓኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደዋል። ኪዮሴራ ከሳጋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ብርን፣ ማለቴ የጌጡን ብር፣ ከማዕድኑ ጋር ቀላቅሎ በአንድ ላይ የሚረጭበትን ዳሌ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ እዚያ አገር ለሕሙማን ይገባል። ከላይ እንደተደረበ ክሊር ሳይሆን ከቀለሙ ጋር እንደተበጠበጠ ነው። ብር ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ ይገድላል። ከመጠን ካለፈ ግን የአጥንት ሴልንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ሙያው ልኩ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አክብሬ ነው የማየው።

ቅሬታዬ ምርቱ ላይ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማንም አልነገረኝም። ስኳር እንዳለብኝ ግን ሁሉም ያውቅ ነበር። የፈረምኩበት ወረቀት 9 ገጽ ነው፤ በጀርመንኛ፤ ቀዶ ጥገናው ሊደረግ ሲል በዋዜማው ማታ። ልጄ በስልክ ግማሹን ተረጎመችልኝ፤ ግማሹን ሳላውቀው ፈረምኩ። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ለሰው አካል የሚገባ ነገር ሲሆን ቀን ተሰጥቶ፣ ሰው ጠይቆ፣ ገብቶት ነው መፈረም ያለበት። ገንዘብ በኩል አልተጎዳሁም። ክራንከንካሰዬ፣ ማለትም የጤና መድን ድርጅቴ፣ ከፈለ። እኔ የከፈልኩት ለመኝታ በቀን 10 ዩሮ ነው፤ በዓመት ከ28 ቀን በላይ ስለማይጠየቅ 280 ዩሮ ላይ ቆመ።

አገር ቤት ወንድሜ ከሞተር ወድቆ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሳይን የሚባለውን ብረት አስገቡለት። ሉዊስ ዘርክል የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተው ድርጅት ነው ብረቱን በነጻ የሚልከው፤ በቀዶ ጥገና ጊዜ የራጅ ማሽን ሳያስፈልግ የሚገባ ነው። የወንድሜ ልሙጥ ብረት ነው፤ ቅብ የለውም። ድኖ ይሠራል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ወጥቶ፣ አፈር ነክቶት የሚመጣ ሰው ስንት ነው? ቅቡ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። ውድ ምርት እስኪደርስ ድረስም የሐኪም እጅ የሚሠራው መላ አለ። ሲሚንቶውን ከአንቲባዮቲክ ጋር አቡክተው፣ የደረት ቱቦ ውስጥ ከብረቱ ጋር አፍስሰው፣ ሲጠነክር ቱቦውን ቀደው ያወጡታል። በመድኃኒት የተለበጠ ብረት ወጣ ማለት ነው። ቪዲዮውን ሳይ እነዚያ እጆች የእኛ ጋራዥ እጆች መሰሉኝ።

ማድረግ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ቀጠሮ ካላችሁ፣ "ብረቱ ላይ ያለው ቅብ ምንድን ነው? ባክቴሪያ የሚከላከል ነገር ይቀባበታል ወይ? ለእኔ ያስፈልገኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ለሁሉም ሰው አያስፈልግ ይሆናል። ስኳር ላለበት፣ ቀድሞ ኢንፌክሽን ለነበረበት፣ ብረት ለሚቀየርለት ሰው ግን ሐኪሙ መልስ ሊኖረው ይገባል። ስትወጡ ደግሞ የኢምፕላንት ካርዳችሁን ተቀበሉ። አውሮፓ ውስጥ ሕግ ነው። ላዩ ላይ የሚለጠፉትን ስቲከሮች ፎቶ አንሱ፤ የብረቱ ዓይነትና ቁጥሩ እዚያ ነው ያለው።

የሥራ ባልደረባዬ ባለቤት በመጪው ወር ጉልበቷ ይቀየራል። ስኳር አለባት። ትናንት ቤታቸው ቡና ጠርተውኝ ሄጄ የስቲከሮቹን ፎቶ ላክሁላት። ሦስቱን ጥያቄዎች ልጇ በጀርመንኛ ጽፎ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈላት።